ስድስተኛው ብሎን

ድሬዳዋ፣ ጥር 14 ቀን 1951 ዓ.ም.

ውድ ዲሪር፣

ይህን ደብዳቤ ሳትከፍት ትቀደዋለህ ብዬ አልሰጋም፤ እስካሁን በእኔ ላይ አልተቆጣህምና። የምትቆጣው ወደ መካከሉ ስትደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ወዳጅ እናውራ።

ድሬዳዋ እንደተውካት ናት። ደቻቱ አሁንም ውሃ የሌለው ወንዝ ነው። እኔም አሁንም የጣቢያው ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የሚሰበር ዕቃ ተጠቅልሎባቸው የሚመጡትን ጋዜጦች አንድ በአንድ ዘርግቼ አነባለሁ። ስለዚህ የዓለምን ወሬ የምሰማው ከሁለት ወር በኋላና ተጨማዶ ነው። እስካሁን ምንም አልጎዳኝም።

አንተ ብስክሌትህን በዕቃ ፉርጎ ጭነህ ወደ ጅቡቲ ከወረድክ ስምንት ወር ሞላህ። ለምን እንደሄድክ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከተማው የሚያውቀው ግን ስህተት ነው፤ የምጽፍልህም ስለዚህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስህ። የብስክሌት ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ገብረ መድኅን በጣቢያው የሻንጣ ክፍል ሃያ ዓመት ስለሠሩ፣ ምልክት ያልተለጠፈበት ነገር ሁሉ የጠፋ ዕቃ ይመስላቸዋል። እሑድ ጠዋት አሥራ አንዳችን ስንሰበሰብ፣ አንዱ በፒጃማ ሱሪ፣ አንዱ በሠርጉ ኮት፣ አንተ ደግሞ ሽርጥህን ጉልበትህ ላይ ሸብ አድርገህ በዚያ በብርቱካን ቀለም ካናቴራህ ስትመጣ፣ ሰውየው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

«ማኅበር ነን ወይስ ከቃጠሎ የተረፍን ሰዎች?» አሉ አንድ ቀን። «ሁላችንም አንድ ዓይነት ሸሚዝ እናሰፋለን።»

«አቦ ገብረ መድኅን» አልካቸው፣ «ብስክሌት የሚነዳው እግር ነው። ሸሚዝ ፔዳል ሲመታ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሰው የሚያየው እግርህን አይደለም፣ ልጄ።»

«የኔንማ አያየውም! ሰው የሚዞረው እኔ ካለፍኩ በኋላ ነው።»

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አጀንዳ አስያዙ።

በቀለሙ ላይ የተደረገውን ክርክር መቼም አትረሳውም። ነጭ ተባለ፤ ከከተማ ሳንወጣ አቧራው ቡናማ ያደርገዋል ተብሎ ወደቀ። ሰማያዊ ተባለ፤ የአጎትህ ልጅ ወርሳሜ «ሳምንቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የምለብሰውን ቱታ እሑድም ልልበሰው?» ብሎ ጣለው። ቀይ ሲባል አቶ ገብረ መድኅን ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ቀይ ለብሳችሁ ሐዲድ ዳር ስትሄዱ ነጂው አደጋ መስሎት ባቡሩን ቢያቆም ተጠያቂው ማን ነው?» አሉ። ማንም ተጠያቂ መሆን ስላልፈለገ ካኪ ብቻ ቀረ። የቀረው ጥያቄ ካኪውን እንልበስ ወይስ እንደ ድሯችን እንሁን የሚለው ነበር።

ድምፅ የሰጠነው ወርሳሜ ከጋራዡ ባመጣው ብሎንና ዳዶ ነው። ሸሚዙን የሚፈልግ ብሎን፣ የማይፈልግ ዳዶ፣ እጁን ጨብጦ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ከዚያ በፊት አንተ በጣትህ ቆጥረህ ነበር፦ አምስቱ የሻንጣ ክፍል ሰዎች ናቸው፣ ካኪ ይላሉ፤ እኛ ስድስት ነን፣ እናሸንፋለን። ከስድስታችን እያንዳንዳችንን ጠየቅኸን። እኔ ጋ ስትደርስ «ሣህሉ፣ አንተስ?» አልከኝ። «ይሄ ደግሞ ይጠየቃል?» አልኩህ። አሁን ሳስበው፣ ያ መልስ አልነበረም።

ቆርቆሮው ሲገለበጥ ስድስት ብሎን፣ አምስት ዳዶ ወጣ።

ወርሳሜ በዋዜማው ከአቶ ገብረ መድኅን ጋር ሻይ ሲጠጣ ታይቶ ነበር። ዓይንህ በቀጥታ እሱ ላይ ሄደ። «የአጎቴ ልጅ!» ብለኸው ወጣህ። በሳምንቱ ጅቡቲ ነበርክ።

ዲሪር፣ ስድስተኛውን ብሎን የጣልኩት እኔ ነኝ።

አሁን መቆጣት ትችላለህ። ደብዳቤውን አስቀምጠህ ባሕሩ ዳር ዞር ዞር በልና ተመለስ፤ እጠብቅሃለሁ።

ምክንያቴ የሚያኮራ አይደለም። አንተ ሁልጊዜ ፊት ስለምትሄድ ከኋላ ያለውን አገር አታውቀውም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ስደርስ እናንተ አርፋችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ለመመለስ ተነሥታችሁ ነው። መንገድ ዳር ያሉ ሰዎች የእናንተን ማለፍ አይተው ጨርሰው እኔን ሲያዩ «ይሄኛውስ ለሥራ የሚሄድ ነው» ይላሉ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያንን ሸሚዝ ከለበስኩ ግን የቱንም ያህል ብቀር ከእናንተ ወገን መሆኔ ይታወቃል ብዬ አሰብኩ። ኋላ የሚቀር ሰው ዩኒፎርም ይወዳል። ይህን ፊት ለፊት ልነግርህ አፈርኩ፤ ብሎኑ ደግሞ እጄ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ አንተ ወርሳሜን ስታይ አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ አልከፈትኩም። ቃሌን ከማጠፌ ይልቅ ይህ ይብሳል።

ለምን ዛሬ ተናገርክ ትለኝ ይሆናል። ሸሚዙ ገና አሁን ስለደረሰ ነው። ሸረፈዲን ልብስ ሰፊው «ነገ» ያለውን በሰባት ወሩ አደረሰልን። አቶ ገብረ መድኅንም በዚህ መሀል ጊዜ ስላገኙ ካኪ ቆብ ጨመሩበት፤ ለራሳቸው ደግሞ ሰልፍ ማስያዣ ፊሽካ ገዙ። ካኪ ሸሚዝ፣ ካኪ ቆብና ፊሽካ ሲደመሩ ምን እንደሚወጣቸው፣ በዚህ ኮንትሮባንድ ጨዋታው በሆነ ከተማ ውስጥ ተወልደን አድገን፣ ከአሥራችን አንዳችንም አላሰብንም። ሸረፈዲን አስቦ ነበር። በኋላ ስንጠይቀው «ልኬት ነው የሰጣችሁኝ እንጂ ምክር መቼ ጠየቃችሁኝ?» አለን።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ጠዋት፣ በአዲሱ ልብሳችን ወደ ሐርላ ወጣን። ከመንደሩ በታች ቁልቋሉ ጥቅጥቅ ያለበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሰልፉ ተበላሸና አቶ ገብረ መድኅን «ሁለት ሁለት!» ለማለት ፊሽካቸውን ነፉ። ከቁልቋሉ ማዶ በእግር መንገድ ይመጡ የነበሩ ስድስት ሴቶች ጥቅላቸውን ወረወሩ። አምስቱ የገቡበት አልታወቀም። ሁለት አህዮች ብቻ ቆመው እኛን አዩን።

አንዷ ግን አልሮጡም፤ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ታውቃለህ። እናትህ ካልቱን ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠው ልብሳቸውን ዙሪያውን ዘረጉበት።

«ወላሂ የኔ አይደለም» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።»

አቶ ገብረ መድኅን ከሥራቸው ብቅ ያለውን አበባማ ሐር እያዩ «ይሄ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?» አሉ።

«የሐርላ ድንጋይ ነው። የጥንት ነው!»

በዚህ መካከል እኔ እንደ ልማዴ ከሁሉም ኋላ ደረስኩ። እናትህ እኔን ሲያዩ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው፤ ንዴት ተተካ።

«ወሪያ ሣህሉ! አንተም የሴት ጥቅል የምትነጥቅ ፊናንስ ሆንክ? በእጄ ሩዝ የበላህ ልጅ!»

«ፊናንስ አይደለንም፣ አዴ ካልቱን። ብስክሌተኞች ነን። እርስዎ ተሳስተው...»

«አንቱ አትበለኝ! አንቱ ስትለኝ ማን መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ እዞራለሁ። ብስክሌተኛ ከሆንክ ፊሽካው ምንድን ነው?»

«ለሰልፍ ነው» አሉ አቶ ገብረ መድኅን፣ ፊሽካውን ኪሳቸው እየከተቱ።

«እሑድ በጠዋቱ ከቁልቋል ጋር ነው የምትሰለፈው?»

አቶ ገብረ መድኅን ወደሚያውቁት ሥራ ተመለሱ። ወድቆ የተገኘ ዕቃ ባለቤቱ እስኪታወቅ ለሚመለከተው ክፍል ይሰጣል አሉ። እናትህም ይህን ሲሰሙ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ይሄ የልጄ የኻድራ የሠርግ ልብስ ነው» አሉ። «አባቷ ሞተ። ወንድሟ የለ። ልብሷንም ውሰዱትና ልጅቷ በሸራ ትዳር።» ከዚያ ወደ ወርሳሜ ዞሩ። «ደስ ይበልህ አንተ! ልጄን ያባረርክበት ሸሚዝ ይኸው ነው? ወርሳሜ ባለበት ሠርግ አልቆምም ብሎ ጽፏል። ልጅቷ ደግሞ ወሊዬ ዲሪር ነው፣ እሱ ቆሞ ካልሰጠኝ ኒካሕ አይታሰርም ብላለች። አጎትሽ ይተካዋል ብላት አልሰማ አለች። ሙሽራው ዳሂር ከነመኪናው ቆሞ ይጠብቃል!»

ወርሳሜ ጎንበስ ብሎ ጥቅላቸውን አነሣና ከብስክሌቱ ኋላ ማሰር ጀመረ። እኔን አላየኝም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ የጂፕ ድምፅ ተሰማ። እውነተኞቹ ፊናንሶች ነበሩ፤ ኮንትሮባንድ ሊያድኑ በዋናው መንገድ አቧራውን እያስነሡ መጡ። በዚያ አቧራ ውስጥ ያዩት ነገር ግልጽ ነው፦ አሥር ካኪ ለባሾች፣ የተበተነ ጥቅል፣ በመካከል አንዲት የተያዙ ሴት። ጂፑ አልቆመም። አለቃቸው አንገቱን አውጥቶ «ጎሽ! ቀደማችሁን!» አለና ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ።

አቶ ገብረ መድኅን በዕድሜያቸው ወታደራዊ ሰላምታ ተሰጥቷቸው አያውቅም። እጃቸው በራሱ ፈቃድ ወደ ቆባቸው ወጣ። ጂፑ ከዓይን ከራቀ በኋላም አልወረደም።

«በል እንግዲህ» አሏቸው እናትህ፣ «ከእንግዲህ ፊናንስ አይደለሁም ብትል ማን ያምንሃል? ጫን!»

ጫንን። ዲሪር፣ በዚህ ከተማ የኮንትሮባንድ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ባለ ሥርዓት የገባ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ሁለት ሆነን፣ እናትህ ከወርሳሜ ኋላ ተፈናጠው፣ አህዮቹን እኔ እየነዳሁ (በፍጥነት ከእነሱ ጋር እንመጣጠናለን ተባለ)፣ ኬላው ላይ ደረስን። ገመዱ ገና ከሩቅ ወረደልን። አቶ ገብረ መድኅን የተገነዘ ሬሳ ይመስሉ ነበር፤ ግን ቀጥ ብለው ነዱ።

መጋላ እናንተ ቤት ስንደርስ አምስቱ ሴቶች ከእኛ ቀድመው ተቀምጠው ጠበቁን። ጥቅሎቻቸውን ተረከቡ፤ አንዷም ስትወጣ «የሚቀጥለውስ እሑድ በስንት ሰዓት ነው የምትወጡት?» ብላ ጠየቀች። አቶ ገብረ መድኅን ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጡና ካኪው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተከለከለ መሆኑን አስታወቁ። ድምፅ አልተሰጠበትም።

ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ወርሳሜና እናትህ ባሉበት የብሎኑን ነገር ተናገርኩ። ወርሳሜ «አውቅ ነበር» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ቆርቆሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ብሎን ሲወድቅና ዳዶ ሲወድቅ ድምፁ አንድ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ስጥላቸው ኖሬ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ዲሪር ያምነኛል? ደግሞ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው። ኋላ እንደምትቀር አውቃለሁ፤ ስምንት ወር ትቀራለህ ብዬ ግን አልገመትኩም።»

እናትህ ተነሥተው ወረቀት አመጡልኝ። «ጻፍለት» አሉ።

«ይቆጣል፣ አዴ ካልቱን።»

«ይቆጣ! ጅቡቲ ተቀምጦ ማን ያበርደዋል? እዚያ ውሃውም ይግላል። ተቆጥቶ ይምጣልኝ፣ እኔ ቤቴ አበርደዋለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ይህንንም ለወርሳሜ አትንገርብኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ኒካሑ ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን እንዲሆን ታስቧል። ኻድራ ከመኪናዋ ፊት በብስክሌት እንድናጅባት ትፈልጋለች፤ ያውም ሁላችንም አንድ ዓይነት ለብሰን። ይህን ስትናገር አቶ ገብረ መድኅን ዓይናቸው በራ፣ ወዲያው ደግሞ ፈዘዘ። ስብሰባ ተቀመጥን። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም የተስማማንበት ውሳኔ ወጣ፦ ጨርቁን ዲሪር ይምረጥ። ወደብ ላይ ነህ፤ የዓለም ጨርቅ በፊትህ ያልፋል። በፈለግኸው ቀለም አሥራ አንድ ሸሚዝ የሚወጣው አምጣ። ምንም አላመጣም፣ ሁሉም እንዳሻው ይልበስ ካልክም ያው ውሳኔ ነው፤ ለኻድራ የምትነግራት ግን አንተ ነህ። አቶ ገብረ መድኅን ቀረጡ የተከፈለበት ደረሰኝ አብሮ እንዲመጣ በቃለ ጉባኤ አስይዘዋል።

ወርሳሜ ምንም መልእክት አልሰጠኝም። ብስክሌትህ ተጉዞ ሲመጣ ሰንሰለቱ ሊላላ ይችላል ብሎ አዲስ አዘጋጅቷል፤ እኔ እንደ መልእክት ቆጥሬዋለሁ። ከሱ ጋር ያለህ ነገር በእኔ ስህተት የመጣ ስለሆነ እኔው ላይ አዙረው። እኔ ጋ ያለውን ደግሞ ስትመጣ ፊት ለፊት እንጨርሰዋለን፤ አልሸሽም፣ ብሸሽም ትደርስብኛለህ።

የማክሰኞው ባቡር ሲገባ ጣቢያው ላይ እቆማለሁ። ይቅር ብለኸኝ ከመጣህ ደስታዬ ነው። ተቆጥተህ ከመጣህም ባቡሩ ያው ነው።

ጥፋተኛው ወዳጅህ፣
ሣህሉ