ጡሩንባው በሥራ ሰዓት ሲነፋ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ከቀኑ 7፡30

ምሳ ሰዓት። ቲማቲም ማሸጊያው ጥላ ሥር ነኝ። ዛሬም ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። የሁለቱም ጥፋት አንድ ነው፤ ቀብር መሄድ።

ደብተሬ፣ ሥራዬን ሳማልሽ ስለኖርኩ ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ። ድርጅቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ በስንት አገር እርሻ አለው። ቆቦ ላይ እንደሱ ያለ አሠሪ አላየሁም። ደመወዝ ቀን አያሳልፍም። ሰርቪስ አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ የወለደች ሴት ቦታዋ ይጠብቃታል። መድኃኒት ረጪ ያለ ጭምብልና ጓንት መስመር አይገባም። አንድ ነገር ብቻ አልገባቸውም፤ እዚህ አገር ሰው እንዴት እንደሚቀበር። የሐዘን ፈቃድ ለእናት፣ ለአባት፣ ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ። በቃ። ለጎረቤት ቀብር የወጣ ቀሪ ነው። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰናበታል። ደንቡን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊዋ። ያውም አሳምሬ። እጄን ይቁረጠው።

ጋሽ ሞላ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። የመስኖ ውኃ ከፋች ነው፣ እርሻው ሲመነጠር ጀምሮ ያለ። የሰፈራችን ቅሬ፣ የቀብር እድራችን፣ ጡሩንባ ነፊም እሱ ነው። ሰው ሲሞት እስላም ክርስቲያን ሳይል ዞሮ ቀባሪ የሚጠራው እሱ። ሌላው ከቀብር ቢቀር ቅሬው ይቀጣዋል፤ ጡሩንባ ነፊው ከቀረ ግን ሬሳው ማን ሊያነሣው ነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ከምሽቱ 1 ሰዓት

እቴቴ ዛሬም እህል አልቀመሰችም። አክስቴ ናት፤ እናቴን አላውቃትም፣ ያሳደገችኝ እሷ። እኔ ቢሮ ስውል ለቅሶ የምትደርስልኝም እሷ ነበረች። ታማ ከተኛች ወዲህ ከቤታችን ለቀብር የወጣ የለም። የቅሬው ዳኛ ሁለቴ አስጠርተውኛል። ሁለቴም ሥራ ላይ ነበርኩ። አንድ ነገር ብትሆን ማን ያወጣልኛል? ጻፍኩትና አፈርኩ።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር። ሰኞ ከዋ/መ/ቤት እንግዶች ይመጣሉ። የጥሩ አሠሪ የምስክር ወረቀት ሊሰጡን ሠራተኛውን ራሱን ሊጠይቁ ነው። አስተርጓሚዋ እኔ! ጋሽ ሞላን በመንገድ ይዤ ለመንኩት፤ የቅሬውን ነገር አንሣላቸው፣ አንተ ስትለው ይሰማል አልኩት። እሺ አለ። ብቻውን በሚጦራቸው አሮጊት እናቱ ማለልኝ። ዛሬ ሆዴ ቀለል ብሏል።

ሰኞ፣ የካቲት 10። ከቀኑ 10 ሰዓት

ምን ላድርግ። ምን ልበልሽ።

እንግዶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ክፋቱ እሱ ነው። ለየብቻ ምሳ ተዘጋጅቶላቸው እንቢ ብለው ከሠራተኛው ጋር በአንድ ትሪ በሉ። ያኔ ነው ያለቀልን። እኔ አላወቅኩም። ከምሳ በኋላ ሰበሰቡ። ጥሩ አሠሪ ለእናንተ ምን ዓይነት ነው? የሚያስቸግራችሁ ነገርስ አለ ወይ? ተረጎምኩ። ጋሽ ሞላን አየሁት። ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ባሕር አቋርጣችሁ መጥታችሁ፣ እጃችሁን ከእጃችን ጋር አግብታችሁ በልታችሁ፣ ምን ጎደለን እንላለን? ምንም የጎደለን የለ። ኑሩልን!»

ሁሉም አሜን አለ። አሜኑንም ተረጎምኩ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ መጨመር እችል ነበር። ሥ/አስኪያጁ አጠገቤ ተቀምጧል። ያልተባለውን ተናገረች እንዳይለኝ ፈራሁ። ቅጹ ላይ ከላይ እስከ ታች «ቅሬታ የለም» ተብሎ ተሞላ።

በኋላ ጋሽ ሞላን ተናደድኩበት፣ አፌ እስኪደርቅ። እሱ ደግሞ ገረመው። «አንችዬ፣ አብሮህ የበላን እንግዳ እንዴት ነውርህ ይሄ ነው ትለዋለህ? ሲሄዱ አንች በወረቀት ጻፊላቸው።» እንግዳ ናቸው ብሎ አዘነላቸው። የመጡት ቅሬታችንን ሊሰሙ መሆኑን ማን ይንገረው?

ዓርብ፣ የካቲት 14

ጻፍኩላቸው። ገጽ ተኩል። ቅሬ ምን እንደሆነ፣ ያልቀበረ እንደማይቀበር፣ ሁሉን። ላክሁ።

ሞት ግን መልስ አይጠብቅም። 4 ሰዓት ላይ ለጋሽ ሞላ ስልክ ተደወለ። ሐጂ እንድሪስ አርፈዋል፣ የጥግ ሱቁ ሽማግሌ። የእስላም ቀብር አያድርም። ውኃውን ለጓደኛው አስረክቦ ወጣ። ቢሮዬ በመስኮት ብቅ ብሎ ነግሮኝ ነው የሄደው፤ እየሄድኩ ነው፣ አንች የሚጻፈውን ጻፊ አለ።

ሦስት።

ረቡዕ፣ የካቲት 19። ከጠዋቱ 5 ሰዓት

ደብዳቤውን ሰጠሁት። መነጽሩን አልያዘም፣ አንብቢልኝ አለ። አነበብኩለት። «ላበረከቱት አገልግሎት እናመሰግናለን» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። ያጽናናው እሱ ነው፤ አብሽሪ አለኝ። ከዚያ ጥሩ ነገር አለ፣ ሳልረሳው ልጻፈው። ጥሩ አሠሪ ምን ዓይነት ነው ብለው እንግዶቹ ጠይቀውን አልነበር? መልሱ አሁን መጣልኝ አለ። «ለቅሶ የሚደርስ ነዋ።»

ከበር ሸኘሁት። የውኃ ሞተሩን ማን እንደከፈተው አላውቅም፣ ውኃው ግን ዛሬም በሰዓቱ ይወርዳል።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

የዋ/መ/ቤት መልስ። ትሑት ነው። አስተያየቴን አክብረው ተቀብለዋል። ነገር ግን በቃለ መጠይቁ አንድም ሠራተኛ ይህን ችግር አላነሣም። የምስክር ወረቀቱ ጸድቋል፤ መጋቢት 15 ፎቶ አንሺ ይዘው ይመጣሉ።

ልክ ናቸው። ማን አነሣው?

ዓርብ፣ መጋቢት 12

እቴቴ ትናንት ጠዋት አረፈች።

ሰው አይመጣም ብዬ ነበር። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ። ከዚያ ጡሩንባው ተሰማ። ጋሽ ሞላ። ረጅም ነፍቶ ቆም ይላል፣ ስሟን ይጠራል፣ ደግሞ ይነፋል፤ ቆቦ ላይ የማያውቀው የለም። ከዳር እስከ ዳር ዞረልኝ። ዳኛው ራሳቸው ድንኳን አስተከሉ። የሐጂ እንድሪስ ልጆች መጡ፣ እኔ አባታቸውን ያልቀበርኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ አልቅሼ አላውቅም።

ዛሬ ቢሮ ደወልኩ። ሥ/አስኪያጁ ከልቡ አዘነ። ቀጥሎ አክስት ዝርዝሩ ውስጥ አለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለችም አልኩት። አንቺ ታውቂዋለሽ አለ። አውቀዋለሁ። አምና አክስቱን «እናቴ» ብሎ ያስመዘገበን ሠራተኛ ቅጹን የመለስኩበት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15። ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ቢሮ ነኝ። የጋሽ ሞላን የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ከኮምፒውተሩ አወጣሁ። ስሙን አጥፍቼ የራሴን ጻፍኩ። ሌላ የሚቀየር ቃል አልነበረም። አትሜ ለፊርማ አስገባሁት። ቆቦ ላይ ሌላ ሥራ የለም፤ ሮቢትም ዋጃም ጠይቄአለሁ።

4፡20

ጡሩንባ። ከከተማው በኩል።

አነፋፉ የጋሽ ሞላ አይደለም። የማያውቅበት ሰው ነው፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ጡሩንባ ነፊ የማይነፋው ሞቱ በራሱ ቤት ሲሆን ብቻ ነው። እናቱ ናቸው። ሌላ ማን አለው?

4፡35

ጥበቃው ነገረኝ። እናቱ ናቸው። ቀብር 6 ሰዓት።

እንግዶቹ ገብተዋል። የምስክር ወረቀቱ በመስተዋት ተደርጎ ማሸጊያው በር ላይ ተሰቅሏል። ሠራተኛው ተሰልፏል፣ ግማሹ ወደ ከተማው ያያል። ሰርቪሱ ቆሟል፣ አንድ ቃል ብናገር ይወስደኛል። ብሄድ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሦስተኛ አይደለም። ይህን ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

ፎቶ አንሺው ፈገግ በሉ የሚልላቸው ሰው ይፈልጋል። ስሜን እየጠሩ ነው።

መጣሁ አልኳቸው።