ምልክቱ በአካሉ ላይ ነበር፦ የመምህር የሻው ፈንታ ሕይወት

መምህር የሻው ፈንታ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታ ጓንጉልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ይማም በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ በአምባሰል፣ በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የጻፍኩት ታላቅ ወንድማቸው በቃሉ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አላስረዝምም።

በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ገቡ። ቀጥሎ ደሴ ተምረው ዩኒቨርሲቲ ደረሱ፤ የሥነ ሕይወት ትምህርት መረጡ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠናብን እኔ ከነቤተሰቤ ወደ አሶሳ ሰፈራ ተጫንኩ። እርሳቸውም በዚያው ዓመት ከተማሪዎች ጋር የሰፋሪ ጎጆ ሊሠሩ ዘምተው መጡ። የጣራ ሣር ተሸክመው መንገድ ላይ ተገናኘን። ሸክሙን ጥለው አቀፉኝ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመረቁ ሌላ አገር መመደብ እየቻሉ፣ ወንድሜ ያለበት ይሁንልኝ ብለው አሶሳ መምህር ሆኑ።

ቀጥሎ ያለውን እንዳልዘለው ሟች አዘውኛል።

በ1979 ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ተፈልጎ በእኛ የሰፈራ አምባ ኬላ ላይ ጸሐፊ ሆነው ተመደቡ። ወደ አምባው ለመግባት የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ለመውጣት ግን የአምባው ሊቀመንበር ማኅተም ያደረጉበት ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ደግሞ ማኅተሙን ማንንም ስለማያምኑ በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። አንድ ቀን ባምባሲ ለስብሰባ ሲሄዱ ማኅተሙም አብሮ ሄደ።

በዚያ ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ አገኘሁሽ ልጃቸውን ይመርን አዝለው ወደ ኬላው መጡ። ልጁን ወባ ይዞት ነበር፤ አሶሳ ሐኪም ቤት ሊያደርሱት ነው። የቡድን መሪው የጻፈላቸውን ወረቀት ይዘዋል። ማኅተም የለውም።

ወንድሜ የልጁን ግንባር ዳሰሱ። «እኅቴ፣ ማኅተም የለውም። ነገ ተመለሺ» አሉ።

ከእርሳቸው ጋር ኬላውን የሚጠብቀው ማህጁብ የሚባል የበርታ ሰው ነበር። «ወላሂ መምህር፣ ልጁ እሳት ነው። ሴትየው ይሂድ። ሊቀመንበር ከጠየቀ ማህጁብ ነው በለው» አላቸው።

«ሕግ ነው» አሉት።

ማህጁብ ምራቁን ትፍ ብሎ ፊቱን አዞረ። ወይዘሮ አገኘሁሽ ተመለሱ። ሊቀመንበሩ ከነማኅተማቸው ከመድረሳቸው በፊት ልጁን ቀበርነው።

መምህር የሻው በ1980 ዓ.ም. ከባምባሲዋ ወይዘሮ ጠጂቱ ዲሳሳ ጋር ተጋቡ፤ ነገራንና ብርሃነሽን ወለዱ። ማስተማሩንም አላቋረጡም። የወይዘሮ አገኘሁሽ ትልቋ ልጅ መነን በ1982 በእርሳቸው ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ስለ ሴል አስተማሩ። በሴል ውስጥ ኒውክለስ የሚባል ክፍል አለ፤ ግድግዳው በቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ትንንሹ ነገር በቀዳዳው በራሱ ያልፋል። ፕሮቲን ግን የሚሠራው ከኒውክለሱ ውጭ ነው፤ ትልቁ ፕሮቲን ለመግባት በራሱ አካል ላይ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ያን ምልክት ለይቶ የሚያሳልፍ ተሸካሚ እንዳለም ይገመታል አሉ።

መነን እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ተሸካሚው ማኅተም ይጠይቃል?»

ክፍሉ ሳቀ። እርሳቸው ጠመኔውን አስቀመጡ። «አይጠይቅም። አካሉን ነው የሚያየው» አሉ።

«ሲወጣስ?»

«የሚወጣበትን ገና አላነበብኩም።»

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ኬላው ፈረሰ። ብዙ ሰው ወደ ወሎ ተመለሰ። ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ «የልጄን መቃብር ለማን ጥዬ?» ብለው ቀሩ። ወንድሜም ደሴ እንዲዛወሩ ሲጠየቁ እንቢ አሉ። ምክንያቱን ለእኔም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

በ1990 አዲስ መጽሐፍ ደረሳቸው። ፕሮቲን ከኒውክለስ ሲወጣም የመውጫ ምልክቱ በዚያው በአካሉ ላይ እንደሆነ፣ ያን የሚያውቅ ሌላ ተሸካሚ እንዳለ ተጽፎበታል። መጽሐፉን ይዘው መነን በነርስነት ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄዱ።

«ያን ጊዜ ለጠየቅሽኝ መልስ አገኘሁ» አሏት።

አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የእኔ ጥያቄ አይደለም። ለእናቴ ይንገሯት» አለቻቸው።

እኔን አስከትለው ሄዱ። ወይዘሮ አገኘሁሽ ማሽላ ይወቁ ነበር፤ ዱላቸውን አላስቀመጡም። ወንድሜ ቆመው ነገሯቸው፦ «ምልክቱ በልጁ አካል ላይ ነበር። እኔ ወረቀቱ ላይ ፈለግሁት።»

«እኔ ሴል የምትለውን አላውቅም፤ ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ አያስፈልግህም ነበር» አሏቸው። «በእጅህ ዳስሰኸው የለም ወይ?»

«ዳስሼዋለሁ።»

«እንግዲያስ ምን ልበልህ?» አሉና ወደ ውቂያቸው ተመለሱ። እኛም ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የታመመ ሰው እንዳለ በሰሙ ቁጥር ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ባጃጅ ይጠራሉ፤ ባጃጅ በሌለበት ዘመን በቃሬዛ ይሸከሙ ነበር። ሰው ደግ አላቸው። እርሳቸው ሲሰሙት ይከፋቸው ነበር።

ጉበታቸውን ታመው ለረጅም ጊዜ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በአሶሳ ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ አለን።

በቀብር ላይ ሟች የበደላችሁ ነገር ካለ ይቅር በሉት ማለት ወጋችን ነው። ሌሎቻችሁን እለምናለሁ። ወይዘሮ አገኘሁሽን ግን በሕዝብ ፊት እንዳልለምናቸው ሟች ከልክለውኛል፤ «ሰው እያያት እንዳትጨነቅ» ብለዋል። ስለዚህ አልለምናቸውም። እዚህ በመካከላችን ቆመዋል፤ መምጣታቸውን አይቻለሁ።

እግዚአብሔር የሕፃን ይመርን ነፍስ በፊት፣ የወንድሜን የየሻውን ነፍስ ከእርሱ በኋላ ያሳርፍ።