እስከ አስር ይቆጥሩ የነበሩት የወይዘሮ ማንአልሞሽ ኪዳነ ወልድ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ከአባታቸው ከአቶ ኪዳነ ወልድ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበዛሽ ደምሴ በሰላሌ፣ ፍቼ ከተማ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሰባት ልጆች የመጀመሪያዋ ስለነበሩ ልጅ ማዘል የጀመሩት ገና በልጅነታቸው ነው።

ትምህርታቸውን በፍቼ አጠናቀው ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ በአንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ለሃያ ሁለት ዓመታት አስተምረዋል። በ1976 ዓ.ም. ከአቶ ሀይለየሱስ በቀለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ዮናታንን ወልደዋል። (ከዚህ በኋላ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ2001 አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ሲገቡ መምህርነታቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ባለ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ አራት ዓመት አለፈ።

በ2005 ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው በፌደራል ዌይ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው የሕፃናት መዋያ ከፈቱ። ወላጅ ሁሉ ወደ ሥራ ሲሮጥ ልጁን እንቅልፍ እንደያዘው ያስረክባቸው ነበር። የእሳቸው አያያዝ ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሕፃን ጠይቀው መልሱን ይጠብቃሉ። “ውሃ ነው ወተት?” ይሉና ፊት ለፊቱ ተቀምጠው በልባቸው እስከ አስር ይቆጥራሉ። ልጁ በጣቱ ቢያሳይም፣ አንድ ድምፅ ቢያወጣም መልስ ነው። እኛ ደግሞ በልጅ ፈንታ መመለስ ፍቅር ይመስለናል፤ ሐኪም “ስምህ ማነው?” ሲለው እንኳ የምንመልሰው እኛው ነን። “ከአፉ አትንጠቁት” እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ለመኑን። ብዙም አልሰማናቸውም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የእህታቸው ልጅ እናኑ ናት፤ ቀጥሎ ያለውን ብትዘለው ደስ ባላት። ልጇ ቢታንያ በ2010 ሁለት ዓመት ሞልቷት አንድም ቃል አልነበራትም። ወይዘሮ ማንአልሞሽ አስር ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። ከኋላዋ ሆነው የድስት ክዳን ቢያጋጩም ዞር አላለችም። በዚያው ሳምንት ከክሊኒክ የተላከውን የእድገት መጠይቅ በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ አገኙት። ስሟ ሲጠራ ትዞራለች? ሁለት ቃል አገናኝታ ትናገራለች? እናኑ ሁሉንም “አዎ” ብላ ሞልታዋለች። መዋሸት ፈልጋ አይደለም፤ “አይ” ብሎ መጻፍ በገዛ ልጅ ላይ ማሟረት መስሏት ነው። ስትወለድ ጆሮዋ ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል፤ አባቷም ቢሆን አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው ይባል ነበር።

እናኑ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ወይዘሮ ማንአልሞሽ በር ላይ ይዘዋት፣ “እናኑዬ፣ ይቺ ልጅ አትሰማም። ወረቀቱን አስተካክዪው” አሏት። እናኑም “እትዬ፣ ልጄን ደንቆሮ ሊሉብኝ ነው?” ብላ ወጣች። በማግሥቱ ልጅቷን ኬንት ከተማ ልጅ የምትይዝ ሌላ ሴት ዘንድ ወሰደቻት። ስምንት ወር ስልካቸውን አላነሳችም። እሳቸው ግን የቢታንያን ቦታ ለማንም አልሰጡም፤ ፈቃዳቸው ለስድስት ልጅ ሆኖ ሳለ አምስት ይዘው ከረሙ። ተራ የሚጠብቁ እናቶች ተቀየሟቸው።

በስምንተኛው ወር ቢታንያ በአንድ የገበያ ማዕከል ደጃፍ ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ ንቅንቅ አላለችም። መኪናው ለጥቂት ቆመ። እናኑ ከዚያው በቀጥታ ወደ ፌደራል ዌይ ነዳች። ወይዘሮ ማንአልሞሽ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ አዲስ መጠይቅ አውጥተው እስክሪብቶ ሰጧት። ቢታንያ የመስሚያ መሣሪያ ከተደረገላት በኋላ እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ምንጣፍ ላይ ከፊቷ ተቀምጠው ሲጠይቁና ሲቆጥሩ ኖሩ። የመጀመሪያ ቃሏ “ውሃ” ነበር። እናኑ ወረቀቱን በጊዜው አስተካክላ ቢሆን ኖሮ ያ ቃል ስምንት ወር ቀድሞ ይመጣ ነበር።

ባለቤታቸው በ2014 ካረፉ በኋላም ሥራቸውን አላቋረጡም። ደክሟቸው ነበር፤ ከምንጣፍ የሚነሡት ወንበር ተደግፈው ነበር። በማርች 2018 ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ተያዘ። እኛም እንደ ልማዳችን “ውሃ ጠምቷቸው ነው”፣ “ትራሱ ነው” እያልን መለስንላቸው። ቢታንያን ታማሚ እንዳትረብሽ ብለን ከልክለናት ነበር። በኦክቶበር ገብታ አልጋቸው ፊት ለፊት ተቀመጠችና “ውሃ ነው ወተት?” ብላ ጠየቀቻቸው። እናቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ “ማሚ፣ ዌይት፣ እየቆጠርኩ ነው” አለቻት። ስምንት ላይ ስትደርስ ወይዘሮ ማንአልሞሽ “ወተት” አሉ። ሰባት ወር ሙሉ ውሃ ስንሰጣቸው ኖረናል።

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ኖቬምበር 3 ቀን 2018 በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከድካማቸው አርፈዋል። ልጃቸው ዮናታን፣ ስድስት እህትና ወንድሞቻቸው፣ እናኑና ቢታንያ፣ እንዲሁም በእጃቸው አፍ የፈቱ አርባ ሦስት ልጆች ቀርተዋል።

እዚህ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ “ነፍስ ይማር” ከማለታችን በፊት ዝም ብለን እስከ አስር እንድንቆጥር ቤተሰቡ ይለምናል። መልስ እንደማይመጣ እናውቃለን። እሳቸው ግን በማናችንም ላይ ቸኩለው አያውቁም። ሕፃናትን አቅፎ የባረከ ጌታ እሳቸውንም አቅፎ ያሳርፍልን።