የከመነዳሪ ቅጠሎች

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በዓሉ እየተቃረበ

ለልጄ፣

ባለፈው ዓመት የበዓሉ ዋዜማ፣ እኔ ዳቦ ልገዛ በወጣሁበት፣ በእጄ የሠራሁትን የበዓል ጉንጉን ከቤቴ በር ላይ አውርደሽ ከቆሻሻ ጋር አወጣሽብኝ። ስመለስ መኪናው ወስዶታል። በቦታው ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ ጉንጉን ተሰቅሏል፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም። "አባዬ፣ አማቾቼ ሊመጡ ነው፤ በሩን እኮ ጎሚስታ ቤት አስመሰልከው!" አልሽኝ። የጎሚስታ ቤት ነዋ። አንቺንም ያሳደገሽ ጎማ ጠጋኝ ነው።

ምን እንደጣልሽ ስላልጠየቅሽ ልንገርሽ። ክቡ አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ነበር። ቅጠሎቹን ከጎማ ውስጥ ወጥቶ መጠገን እንቢ ካለ ከመነዳሪ በመቀስ ቆረጥኳቸው። ለእነሱ ግድ የለኝም፤ ጎማ ሞልቷል። አበቦቹ ግን ከእናትሽ የስፌት ሣጥን የወጡ ዚፖች ነበሩ። ዚፕን ከጫፉ ጀምረሽ ብትጠቀልዪው ጽጌረዳ ይሆናል። ማንም አላስተማረኝም፤ እሷ ካረፈች በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ እጄ ራሱ ያገኘው ነው። መሐላቸው ላይ የሰፋኋቸው ቁልፎች ከደንበኞቿ ልብስ የተረፉ ነበሩ። ቀዩ የአንቺ የትምህርት ቤት ሹራብ ቁልፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልክሽን አላነሣም። "ጆሮው ደክሞ ይሆናል" ብለሽ ለጎረቤታችን ለነርሷ ነግረሻታል አሉ። አልደከመም። ሲጠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ እስኪያቆም ድረስ እሰማዋለሁ።

ትናንት ይህችው ነርስ መጥታ "ልጅዎ ለበዓሉ ልትመጣ ፈልጋለች፤ ግን አባቴ ራሱ ነዪ ካላለኝ ቲኬት አልቆርጥም ብላለች" አለችኝ። ግትርነቱን ከየት እንዳመጣሽው አልጠይቅም።

ዘንድሮም ጉንጉን ሠርቻለሁ። ከሣጥኑ የቀረው ዚፕ ጥቂት ስለሆነ ሌላ ነገር ፈለግሁ። የእንቁላል ካርቶን እየቆረጥኩ ደወል አደረግሁ፤ የቆርቆሮ ክዳን በምስማር እየወጋሁ ኮከብ አወጣሁ። ሙጫው የጎማ ሙጫ ነውና ቤቱ ሁሉ የድሮ ሱቄን ይሸታል። በሥራው መሐል "እስቲ ያንን መቀስ አቀብዪኝ" አልኩ። ትንሽ ጠብቄ ራሴው ተነሣሁ።

ነርሷ ጉንጉኑን አይታ ሳቀች።

"ጋሼ፣ ይሄ የሚሰቀለው በውጭ በኩል አይደል እንዴ? ምነው ወደ ውስጥ አዞሩት?"

"የውጭ ሰው ምን አገባው?"

"ታዲያ ማን ሊያየው ነው?"

"የገባ ሰው።"

"ከእኔ በቀር ማን ይገባል ብለው ነው?" አለችና ወዲያው ደነገጠች። ቦርሳዋን በርብራ የደም ግፊት መለኪያውን አወጣች። "ክንድዎን ይስጡኝ… ኧረ፣ ከፍ ብሏል!"

"ጥያቄ አብዝተሽብኝ ነው" አልኳት። ከሄደች በኋላ ግን ጥያቄዋ እዚሁ ቀረ። ብዙ ቆሜ በሩን አየሁት።

እንግዲህ ነዪ ብያለሁ። ቲኬቱን ቁረጪ። ባልሽንም አምጪው፤ አማቾችሽ ከመጡ ወንበር እዋሳለሁ። ያንን ፕላስቲክ በውጭ በኩል መስቀል ካማረሽ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ፤ አልጣልኩትም። በውስጥ በኩል ያለውን ግን እንዳትነኪብኝ። ክፍልሽን አናፍሼዋለሁ፤ የመስኮቱንም መቀርቀሪያ ጠግኛለሁ። ብርዱ ከብዷልና ወፍራም ልብስ ያዢ።

መንገዱን ያቅናልሽ። እጅሽ የነካው ይባረክልሽ፤ ለልጅ ይህን የማይመኝ አባት የለም።

ስለተጣለው ጉንጉን የምለው ይኸው ነው። ስትመጪ ይቅርታ ምናምን ብለሽ እንዳታነሺብኝ፤ ከእኔም አፍ ሁለተኛ አይወጣም።

አባትሽ