ሰማያዊና ነጭ ቀለበት ያደረገች ጋጋኖ

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ደመናው በመስኮት ገባ። እየቀለድኩ አይደለም። ቤዛ ጠዋት አየር ይግባ ብላ መስኮቱን ስትከፍት ነጩ ነገር ቀስ ብሎ ገባና ብርድ ልብሴን አረጠበው። ቦሌ ሚካኤል እያለሁ ደመና ማለት አውሮፕላኖች ገብተውበት የሚጠፉበት ነገር ነበር። ዛሬ ውስጡ ቆሜ ጥርሴን ቦረሽኩ።

ያለነው የረር ተራራ ላይ፣ አንድ ትንሽ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው። የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዎች ክረምት ሲሆን ለሁለት ሳምንት የመስክ ኮርስ እዚህ እንወስዳለን። ቤዛ የሳሊተ ምሕረት ልጅ ናት፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ጓደኛዬ። አስተማሪያችን ዶክተር ጸዳለ ናቸው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ዳገት ላይ የማያለከልኩ ሴት። ትላንት ስንመጣ ዕቃችንን የጫነውን ጋሪ ጭቃ ሲይዘው ቀድመው መግፋት የጀመሩት እሳቸው ናቸው። እኛ ቆመን ስናይ ቆየንና አፍረን ገፋን።

ይዤ የመጣሁት፦ ጃንጥላ (ነፋሱ ወዲያው ገለበጠው)፣ የፀሐይ መነጽር (እስካሁን የጠቀመው ለቤዛ ሳቅ ነው)፣ ብስኩት (አልቋል)። ሳልይዝ የመጣሁት፦ ቦት ጫማ።

ስልክ የሚሠራው ከጣቢያው ጀርባ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ማታ ስወጣ የእማዬ መልዕክቶች ተከታትለው ገቡ። ለአየር መንገድ ሆስተስነት የተወዳደርኩበትን የመጀመሪያ ዙር አልፌያለሁ። የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው፤ ያለፉት ወዲያው ስልጠና ይገባሉ። የእኛ ኮርስ የሚያልቀው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ቅዳሜ።

የተመዘገብኩት ለእማዬ ብዬ ነበር፤ አልፋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ቁመቴን እያየ «ይቺማ ሆስተስ ናት» ይለኛል። ይቺማ የወፍ ተመራማሪ ናት ያለኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ሱብሐነላህ። ከዚህ ሌላ የምጽፈው ቃል ለጊዜው አጥቻለሁ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጋጋኖን ስሟን ባያውቅ ጩኸቷን ያውቃል። ጠዋትና ማታ ከጣሪያ በላይ እየተንጫጩ የሚያልፉት፣ ምንቃራቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነ፣ ጠቆር ያሉ ትልልቅ ወፎች ናቸው። አባዬ ከኢምፔሪያል ቦሌ ሚካኤል የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ስለሆነ «እነዚህ ደግሞ ክላክስ ያበዛሉ» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በላዬ ሲያልፉ ማታ የት ነው የሚገቡት ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

እዚህ ነው የሚገቡት። ዶክተር በደረታችን እየተሳብን እስከ ገደሉ አፋፍ እንድንደርስ አደረጉን። መጀመሪያ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ጉም ብቻ፣ ከጉሙ ስር ደግሞ ጫጫታ። መርካቶን ከላይ ሆነው ቢሰሙት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጉሙ ተገለጠ። ገደሉ በሙሉ ጎጆ ነው። ጭራሮ በጭራሮ ላይ፣ ድንጋዩ በኩስ ነጭ ሆኖ፣ ጫጩቶቹ አንገታቸውን አውጥተው፣ እናቶቹ ከእኛ በታች እየዞሩ። ከላይ ሆኜ የምትበር ወፍ ጀርባ አይቼ አላውቅም ነበር። ክንፋቸው ላይ ያለው ነጭ ከላይ ሲታይ እንዴት ያምራል።

ዶክተር በሹክሹክታ ነገሩን፤ ከተማ ውስጥ የምናያቸው ጋጋኖዎች ከዚህ ገደል የሚወርዱ ይሁኑ ወይም ከሌላ ቦታ የሚመጡ፣ እስካሁን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። እኔ የሚታወቅ ነገር ሁሉ ታውቆ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ለካ በቤታችን ጣሪያ ላይ የሚያልፈው እንኳ አልታወቀም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ዝናብ። ከሰዓት በረዶ። ከዚያ ዝናብ።

ቀለበት ማድረግ ተለማመድን። ጫጩቶቹ እግር ላይ ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ወፏን የትም ያያት ሰው ቀለሙን ከተናገረ ከየት እንደመጣች ይታወቃል። እርሳስ ላይ ጀመርን፣ ከዚያ ጣት ላይ። አንዱን የቤዛ አውራ ጣት ላይ አጥልቄ በሳሙና ነው ያወጣነው።

የእማዬ መልዕክት፦ «ኮቱና ጉርዱ ተሰፍቶ አልቋል። መቼ ነው የምትወርጂው?» አልመለስኩም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

አደረግኩት።

አብዛኛው ጎጆ ሰው የሚደርስበት አይደለም። ከአፋፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን የድንጋይ መደርደሪያ የመሰለ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ላባቸው የሞላ ጫጩቶች ያሉባቸው ጥቂት ጎጆዎች አሉ። ወገባችንን በገመድ ታስረን ተራ በተራ ሞከርን። የመጨረሻው ጎጆ ጋ የማንም እጅ አልደረሰም። ሁሉም ዞር ብሎ እኔን አየ።

ተኛሁ። ቤዛ እግሬን ያዘች፣ ዶክተር ገመዱን። እጄን ወደ ታች ላክሁት። ሰፈሩ ለአውሮፕላን ያጨው ክንድ ጎጆው ጋ ደረሰ። ላባ ነካሁ፣ ይሞቃል። ቀስ ብዬ አወጣኋት። ልቧ መዳፌ ላይ ይመታ ነበር፣ የእኔም ይመታ ነበር፣ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ አላውቅም። ከዚያ እጅጌዬ ላይ አስመለሰችብኝ። ዶክተር «ጤነኛ ናት» አሉ።

ቀለም ምረጪ ተባልኩ። ግራ እግሯ ላይ ሰማያዊ፣ ቀኝ እግሯ ላይ ነጭ። የአባዬ ሚኒባስ ቀለም ነው። ወደ ጎጆዋ ስመልሳት ዞራ እንኳ አላየችኝም። እኔ ግን እስኪመሽ ድረስ ከእሷ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ፎቶዋን የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። አባዬ «ታርጋዋ የታለ?» ብሎ ጻፈ። አጎቴ የዶሮ ፎቶ ልኮ ይቺም ቀለበት ትፈልጋለች አለ። አባዬ ግን ነገሩን ይዞታል። ኢምፔሪያል ያሉት ተራ አስከባሪዎች ሳይቀሩ የወፍ እግር እያዩ ነው አለኝ። እስካሁን የተገኘችው እግሯ ላይ ክር የተጠመጠመባት ርግብ ናት።

እማዬ ደወለች። ጨርቅ ሱቋ ፊት ለፊት ያለው ሳር ላይ ጋጋኖ በየጠዋቱ ጭቃውን ሲጎረጉር እንደሚውል፣ ለዚያ ብሎ ተራራ መውጣት እንደማያስፈልግ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። ቦሌ ሚካኤል ከገባች ጀምሮ ቤታችን በአውሮፕላን ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ኖራለች፤ እሷ ግን አንድም ቀን ተሳፍራ አታውቅም። «አንድ ቀን እላይ ያለችው ልጄ ናት ብዬ ቀና ልበል» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዝናቡ እስኪመጣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ጉሙ ሲከፈት በርቀት መነጽር ጫጩቷን አየኋት። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆማ ክንፏን ታራግባለች፣ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። እናቷ ራቅ ካለ ድንጋይ ላይ ሆና ትጠራታለች እንጂ ምግብ ይዛ አትመጣላትም። ሲርባት ትበራለች አሉ ዶክተር። እማዬ በረመዳን እንኳ እንዲህ አልጨከነችብኝም።

ጉሙ ውስጥ አውሮፕላን ያልፋል፤ ድምፁ አለ፣ እሱ የለም። ጫጩቷ በሰማችው ቁጥር ጎንበስ ትላለች። እኛ ሰፈር ያሉት ቀና ብለው እንኳ አያዩትም።

ምሳ ሽሮ። እራት ሽሮ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ጎጆው ባዶ ነው።

በርራ ሊሆን ይችላል፣ ወድቃም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው በረራ ብዙ ጫጩት ይሞታል አሉ ዶክተር፣ ሌላውን ነገር ሁሉ በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ። ከቤዛ ጋር ዞረን ከገደሉ ስር ወረድን። እሾህ፣ ጭቃ፣ አንድ የሞተ ጫጩት። እግሩን ለማየት አቅም አጥቼ ቤዛ አየችልኝ። ቀለበት የለውም። አልሐምዱሊላህ አልኩና ወዲያው አፈርኩ፤ እሱም የአንዷ ልጅ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

የቃለ መጠይቁን ነገር ለዶክተር ነገርኳቸው። ያልተዘጋጀሁበት ነበር፤ ድንች እየላጥን አመለጠኝ። አልተቆጡም። መሄድ ከፈለግሽ ነገ ጠዋት ጋሪ አለ አሉ። ምን ይሻለኛል ብላቸው «ለወፏ የት እንደምትሄድ ነግረሻት ነበር?» አሉኝ። ደስ የሚል ንግግር ነው፣ ለውሳኔ ግን አይረዳም።

እውነቱን ልጻፍ። ዩኒፎርሙን እወደዋለሁ። ቤት ውስጥ ትሪ ይዤ «ሻይ ወይስ ቡና» እያልኩ ተለማምጃለሁ። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ መቅረት የምፈልገው ወፎቹን ወድጄ ነው ወይስ ቃለ መጠይቁ ላይ እንዳልወድቅ ፈርቼ? ወፏ ደግሞ የለችም። ሞታ ከሆነ ምን እየጠበቅኩ ነው።

ሻንጣዬን ዘጋሁት። ነገ እወርዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

አልወረድኩም።

ጋሪው እስኪመጣ ገደሉን ለመጨረሻ ጊዜ ልይ ብዬ ሳይነጋ ወጣሁ። ቤዛ ተከተለችኝ። ከመጣን ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ያለው ዛሬ ነው። አዲስ አበባ ከእግራችን በታች ተዘርግታለች፤ የሲኤምሲ ሕንጻዎች፣ ቀለበት መንገዱ፣ የቦሌ ማኮብኮቢያ መብራቱ ገና ሳይጠፋ። የአውሮፕላን ድምፅ ሰማሁና እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ፈለግሁት። ላይ አልነበረም። ከእኛ በታች እያለፈ ነበር፣ ጀርባውን አየሁት።

ከዚያ ገደሉ ተነሳ። ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሁሉም በአንድ ላይ፣ እየጮሁ፣ ከስራችን ወጥተው ወደ ከተማው ወረዱ። ከኋላ ጥቂት የተቀደሙ፣ ክንፋቸው ገና ያልተስተካከለ ወጣቶች ነበሩ። እግራቸው አልታየኝም። ወደ ቦሌ አዘነበሉ፣ ነጥብ ሆኑ፣ ጠፉ። አለቀስኩ። ቤዛ አልሳቀችብኝም፣ እሱ ራሱ ብርቅ ነው።

ፈርቼ አይደለም። ይሄንን ዛሬ አወቅኩ። ጠፍተው የሄዱበትን ቦታ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ዩኒፎርሙን እንደዚህ ፈልጌው አላውቅም።

ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። «እማዬ፣ አልመጣም» አልኳት። የሱቁ ሬዲዮ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «እሺ» ብላ ዘጋችው። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ቃለ መጠይቁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። በዚያው ሰዓት ድንጋዩ ላይ ቆሜ ደወልኩ። እማዬ አላነሳችም። አባዬ ጋ ስደውል ቁርስ ሳትበላ ወደ ሱቅ ሄዳለች አለኝ። ኮቱን ይዛ ነው የወጣችው አለኝ። ለሌላ ሰው ልትሰጠው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንደገና ደወልኩ፣ እንደገና አላነሳችም። የሠራሁት ነገር ልክ መሆኑን ትላንት እንዳወቅኩት ዛሬ አላውቀውም ነበር።

ከድንጋዩ አልወረድኩም፤ ቤዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አምስት ሰዓት ገደማ እማዬ ራሷ ደወለች። ሰላምታ የለም። «ሰማያዊው በግራ ነው ያልሽው?» አለችኝ።

ቤዛ ዶክተርን ልትጠራ በረረች። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። ዶክተር ዳገቱን ሮጠው መጡ፤ ሲያለከልኩ ዛሬ አየሁ።

እንደነገረችን ከሆነ እማዬ ሱቋን ከፍታ፣ ሳሩን ላለማየት ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። የጋጋኖዎቹ ጩኸት አላስቀምጥ ሲላት ዞረች። ከትልልቆቹ መካከል አንዲት አነስ ያለች፣ ሌሎቹ ሲጎረጉሩ እያየች የምትጎረጉር ነበረች። እማዬ ከሱቁ ወጥታ ዝናቡ ላይ ቆመች። አንድ ሚኒባስ ሳሩ ጥግ ሊያቆም ሲል ከልክላ መለሰችው። ዶክተር «እርግጠኛ ነዎት? ጭቃ እንዳይሆን» አሏት። «ጨርቅ ነጋዴ ነኝ የኔ እመቤት፣ ቀለም አይጠፋኝም» አለች። ያነሳችውን ፎቶ ላከችው። ግማሹ ጣቷ ነው። በቀረው ግማሽ ግን ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉ፤ ሰማያዊ በግራ፣ ነጭ በቀኝ።

ዶክተር ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚህ ገደል ወጥታ ከተማ ውስጥ የታየች የመጀመሪያዋ ባለቀለበት ናት አሉ። ከዚያ የእማዬን ሙሉ ስም ጠየቁ፤ ወፏን መጀመሪያ ያየው ሰው ይመዘገባል። እማዬ ስሜ ለምን አስፈለገ ብላ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እስከ አያቷ ድረስ ተናገረች፦ ዘይነባ እንድሪስ ይመር። ዶክተር ሲደግሙት ቁጭ ብላ እንደምታዳምጥ ድምጿን ባልሰማም አወቅኩ።

ዶክተር ስልኩን መለሱልኝ። የዝናቡ ድምፅ በሁለቱም በኩል ይሰማል።

«ስትነሳ ቀና ብዬ አየኋት» አለችኝ በመጨረሻ። «የልጄ ናት አልኩ። ጎረቤቶቹ ሳቁብኝ።»

ኮቱን ለማንም እንደማትሰጥ፣ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ምዝገባ እንዳለ ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ወፏ ነገም ትመጣለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፣ እውነትም አላውቅም። ነገ ጠዋት ሱቁን ከሌላው ቀን ቀድማ እንደምትከፍት ግን አውቃለሁ።