አክስት የሌለበት ቅጽ

ድሬ ዳዋ፣ ነሐሴ 1975

ሣህሉ ወንድሜ፣

በካርዱ ፊት የምታየው ባቡር ጣቢያውን ነው፤ እኔ የምጽፍልህ ግን ለቁጥጥር ስለመጣሁበት፣ ከዚራ ሰፈር ስላለው የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነው። የግቢው ዛፍ ጥላ ከአዲስ አበባው ቢሯችን ይሻላል፤ ሙቀቱ እንደ ስብሰባችን ማለቂያ የለውም።

ዛሬ ጠዋት ሃሊሞ የምትባል ሴት የአራት ዓመቷን ናፊሳን ልታስመዘግብ መጣች። የልጅቷ እናት በወሊድ ሞታለች፣ አባቷ ጅቡቲ ቀርቷል፤ ያሳደገቻት አክስቷ ሃሊሞ ናት። ቅጹ ደግሞ የሚቀበለው የአባት ወይም የእናት ፊርማ ብቻ ነው።

«ምን ላድርግ እትዬ ሃሊሞ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው» አለቻት መዝጋቢዋ ተሻለች።

«አቦ፣ አዲስ አበባ ያሉት አክስት የላቸውም እንዴ?»

ተሻለች ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ቅጽ አንተና እኔ ቢሮ ተቀምጠን በአንድ ከሰዓት በኋላ አርቅቀን «ለሰፊው ሕዝብ ልጆች በሙሉ» የሚል ርዕስ ሰጥተነዋል፤ እኔ ራሴም ያደግሁት አክስቴ ቤት ነው። «ስህተቱ የእኛ ነው፣ ስሟን ጻፊ» ማለት ስችል ሻዬን አማሰልኩ። አፌን የከፈትኩት ሃሊሞና ናፊሳ ከወጡ በኋላ ነው። የቀረችውን አንዲት ቦታ ግን ተሻለች ከኋላቸው ለተሰለፈው ልጅ ሰጥታታለች።

ቅጹ ዳግም ሳይታተም «አሳዳጊ» የሚል መስመር አስገባበት፣ አደራ። ካርዱ ጠበበኝ። ባለቤትህን ማዘንጊያን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቻችሁንም ሳምልኝ፤ እነሱን ያስመዘገብናቸው ያለ ቅጽና ያለ ፊርማ፣ በስልክ ነበር፣ አይደል?

በዛብህ