አባዬና ገና ያልመጣው ካርድ

ኅዳር 9
የኮምፒውተር ዕቃ ሱቄን ከፈትኩ። አቧራ አራገፍኩ። አንድ ማውዝና አንድ ኬብል ሸጥኩ... ሌላ ምን አለ? አባዬ እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ቤት ትቼው መውጣት አልሆነልኝም። ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና የነዳ ሰው ግድግዳ ሲያይ ይዋል? ይዤው እመጣለሁ። ግን እዚህም ዝም ነው።

ጫማው ተቀዷል። ልግዛልህ ስለው፣ "ተይው፣ ያለው ያደርሰኛል" አለኝ። የት እንደሚያደርሰው አልጠየቅኩም።

ኅዳር 13
ጉድ እኮ ነው። አባዬ ጥያቄ ጠየቀ!

ጠጋኛችን ብሎን ነው ያስጀመረው (አፉ ውስጥ ብሎን ሳይነክስ መሥራት ስለማይችል ነው ስሙ)። ስልኩን እያየ ያነብልኛል... አዲስ ግራፊክስ ካርድ፣ ያ ኮምፒውተር ላይ ምስልና ቪዲዮ የሚያሠራው፣ ሊመጣ ነው አሉ። ሜሞሪው እጥፍ፣ የሚበላው መብራት ግን ካሁኑ ያነሰ። ካርዱን የሚሠራው ኩባንያ ትንፍሽ አላለም፣ ሾልኮ የወጣ ወሬ ነው።

አባዬ ዞር አለ። "ስንት ይጭናል?"

ብሎን መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ከዚያ ገባው። "ሜሞሪውን የጭነት ቦታ ይበሉት ጋሼ። መብራቱ ነዳጁ ነው።"

"እጥፍ ጭኖ ነዳጅ የሚቀንስ? ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"ባለድመቱ።" ፎቶው ላይ ድመት የለጠፈ ሰው ነው፣ ማንነቱን የሚያውቅ የለም። የካርድ ወሬ ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው።

እራት ላይ አባዬ ራሱ ወሬ ጀመረ። ጭልፋውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ኅዳር 21
"ባለድመቱ ዛሬ ምን አለ?" አባዬ ነው፣ ከ"እንዴት አደርሽ" በፊት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። ስወደው!

ኅዳር 29
አንዲት ቪዲዮ አቀናባሪ ደንበኛችን መጣች። የድሮ ካርዷ እያንገራገረባት ነው፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን ልትገዛ። ካርቶኑን ከጓዳ ይዤ ስመለስ የለችም።

"የት ሄደች?"

"ጠብቂ አልኳት።"

"ለምን አባዬ?"

ምን ቢል ጥሩ ነው? "ከፊት የተሻለ አለ። አውቄ ዝም ልበላት?"

ሹፌሮች እንደዚያ ነበሩ፣ አስታወስኩ። ልጅ ሆኜ ጋቢና ውስጥ... ከፊት መኪና ሲመጣ አባዬ መብራት ያበራል፣ ሁለቱም መንገዱ መሃል ይቆማሉ። ድልድዩ እንዴት ነው? ጭቃው ያሳልፋል? ያንን ሳይናገር ያለፈ ሹፌር፣ ሹፌር አይባልም ነበር። አባዬም ነውር መስሎት ነው። የራሱ ልጅ ሱቅ መሆኑ ትዝ አላለውም።

"ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል እኮ" አልኩት። ሳቀብኝ።

ታኅሣሥ 7
በዚህ ሳምንት ካርድ የገዛ የለም። ብሎን፦ "ጋሼ ዘበኛ ሆኑልን። ገዢ እንዳይገባ።"

ታኅሣሥ 15
ቀልዱ አበቃ። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋቴ ነው። ብሎንስ ምን ይሆናል? ጉሮሯችን ላይ የቆመው የገዛ አባቴ... ነገ ቤት ዋል እለዋለሁ። ቁርጥ ነው።

ታኅሣሥ 16
አላልኩትም። ስነሳ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። "ፍጠኚ እንጂ! ባለድመቱ የካርዱን ሙቀት ነገር ዛሬ አወጣለሁ ብሏል።" አንጀቴን በላው። ምን አፍ አለኝ?

ጥር 3
ካርዱ ወጣ። ሜሞሪው የአሮጌው ያህል ነው። መብራትማ ጭራሽ ይበልጥ ይበላል።

አባዬ ብሎንን ሁለቴ አስነበበው። ከዚያ ተነስቶ ወንበሩን ከበሩ ወደ ውስጥ ሳበ።

በዚህ ላይ አቀናባሪዋ መጣች። የሰው ሠርግ እያቀናበረች ካርዷ ተቃጥሏል፣ ባለሠርጎቹ ይጮሁባታል። "አባባ ጠብቂ ስላሉኝ እኮ ነው" አለች፣ በቀስታ። ብትጮህ ይሻል ነበር። እስክትጨርስ ብዬ የብሎንን መሞከሪያ ካርድ አዋስኳት። አባዬ ቀና አላለም።

ጥር 4
ከአልጋው አልተነሳም።

"የሰማሁትን እንዳየሁት አድርጌ ነገርኩ" አለኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ። "መንገድ ላይ፣ አይቻለሁ ሌላ፣ ሰምቻለሁ ሌላ ነው። እሱን የሚያደባልቅ ሹፌር ማንም አይቆምለትም።"

ሱቅ ብቻዬን ሄድኩ። ሁለት ካርድ ሸጥኩ። የፈለግኩት ይኸው አይደል? ገዢ በገባ ቁጥር ግን ዓይኔ ወንበሩ ላይ ነው።

ጥር 6
ዛሬ ተናድጄ ክፍሉ ገባሁ። "ተነስ፣ ብሎን ወንበርህ ላይ ዕቃ እየከመረበት ነው።" ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

"አባዬ፣ ድልድዩ ፈርሶ ሳለ ደህና ነው ያለህ ሹፌር አልነበረም?"

"ነበረ። ስንት ቀን አሳደረኝ።"

"ስታገኘው ምን አደረግከው?"

"ሰደብኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ቆሜ ስለ መንገዱ ጠየቅኩት።"

"ዋሽቶህ?"

"ታዲያ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሌላ ማን አለ?"

የተናገረው ለራሱ ገባው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሸሚዙን ጠየቀኝ።

ጥር 8
አቀናባሪዋ ጋ ራሱ ደወለ። "የኔ ልጅ፣ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ፣ አላየሁትም ነበር።" ምን እንዳለችው አልነገረኝም። ከሰዓት በኋላ ግን የተዋሰችውን መልሳ የመደርደሪያውን ገዛች። አባዬ ካርቶኑን እስከ ታክሲው ተሸከመላት።

ጥር 19
ወንበሩ በሩ ላይ ተመልሷል። የመጣ ሁሉ አሁን እሱን ነው የሚጠይቀው። "ይሄን ብሎን ሲሞክረው አይቻለሁ። ያኛውን ሰምቻለሁ። ሥራ ካለብህ ያየሁትን ውሰድ።" ይወስዳሉ! ከብሎንም ከእኔም ይልቅ እሱን ያምናሉ። ቀናሁ እንዴ? ትንሽ።

ይህን ወር ተርፈናል። የሚቀጥለውን እንጃ።

መጋቢት 2
ባለድመቱ ጀመረው ደግሞ... ከዚህ ቀጥሎ ስለሚመጣው ካርድ። "ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላል" አለኝ አባዬ ሱቅ ስንዘጋ። "ሰምቻለሁ ነው። አላየሁም።"

ወደ ቤት ስንሄድ ጫማ ቤቱ ጋ ስንደርስ አጠገቤ የለም። ወደ ኋላ ብዞር መስኮቱ ፊት ቆሟል።

"ያ ሶሉ ወፍራም የሆነው እንዴት ነው?"

"ያለው ያደርሰኛል አላልክም?"

የተቀደደ ጫማውን ቁልቁል አየው።

"እስከዚያ ካርድ አያደርሰኝም" አለ።

ገዛሁለት። አሮጌውን ካርቶኑ ውስጥ አድርጎ፣ አዲሱን እንዳጠለቀ ቤት ገባ።